የጓሮ አትክልት፥ ጓሮ ለሌለው ሰው

ደመወዝ ከተቀበልን በሃያ አምስተኛው ቀን የወንደላጤ ማድ ቤት ምን እንደሚመስል ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ዘይቱ ከጠርሙሱ ሥር ደርሷል፤ ሽንኩርቱ ሁለት ራስ ቀርቷል፤ ሽሮው ብቻ እንደ ታማኝ ወዳጅ ከቦታው አለ። በእንዲህ ያለው ቀን ከጉልት አንድ እስር ጎመን ለመግዛት እንኳ ኪስን ሁለት ጊዜ መዳበስ ግድ ይሆናል። እኛም ስለ ጓሮ አትክልት ማሰብ የጀመርነው የልምላሜ ፍቅር አድሮብን ሳይሆን ከነዚህ ቀኖች ባንዱ ነው።

ዳሩ ግን አጀማመራችን ከወረቀት የተነሣ ሆነ። በሰኔ ወር አከራያችንን እማማን አስፈቅደን ከቤቱ ጀርባ ያለውን ባዶ መሬት ተረከብን፤ መደቡን በማስመሪያ ነድፈን፥ ዶማ ተውሰን፥ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቈፈርን። ካሮት፥ ቀይ ሥር፥ ሰላጣ፥ ቆስጣ፥ ቲማቲምና ጎመን ስድስቱንም ባንድ ቀን ዘራን። መዳፋችን ውሃ ቋጥሮ ሰኞ ዕለት ብዕር መያዝ ስላቃተን የመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችን «ለዚህ ነው ዲግሪ የጫንኸው?» ብለው ሳቁብን። ሐምሌ ሲገባ አረሙ ከዘሩ ቀደመ። በነሐሴ ለመስክ ሥራ ወጥተን ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንመለስ ቲማቲሙ በዝናብ ብዛት ቅጠሉ ጠቍሮ በስብሷል፤ የካሮቱንም መደብ ከአረሙ ለይቶ ማወቅ አልተቻለም።

እማማ ከማድ ቤታቸው ደጃፍ ቆመው ሲያዩን ቆዩና፥ «ልጄ፥ የፈለግኸው ወጥ ነው ወይስ እርሻ?» አሉን።

ከጓደኞቻችን ሳቅ ይልቅ ይህ ጥያቄ አሳፈረን። እርሳቸው ከቆሙበት ደጃፍ እስከ ቧንቧው ባለው ጠባብ ስፍራ፥ ከግድግዳው ሥር፥ ሰባት እግር ጎመን ከጕልበት በላይ አድጎ ቆሟል። በዚያ ግቢ ባሳለፍነው አንድ ዓመት ውስጥ እማማ ሲቈፍሩም ሆነ ሲኰተኵቱ አላየናቸውም። የሚያደርጉት ነገር ቢኖር የአትክልቱን እጣቢ ከሥሩ መድፋት፥ ወጥ ሲሠሩም ከታች ከታች የጐለመሰውን ቅጠል ቀንጥሰው ጫፉን መተው ነው። ጫፉ እስካልተቈረጠ ድረስ ጎመን ለወራት ቅጠል መስጠቱን አያቋርጥም። ቆስጣም እንዲሁ ነው፤ የውጭ የውጩን ሲወስዱለት ከመካከሉ ሌላ ያወጣል። ካሮትና ቀይ ሥር ግን አንድ ጊዜ ተነቅለው ያልቃሉ። እንግዲህ ቦታና ጊዜ የጠበበው ሰው የትኞቹን መምረጥ እንዳለበት ከዚሁ መረዳት ይችላል፤ እኛ ይህን ሳናጤን ነበር ስድስት ዓይነት ዘር የበተንነው።

የሠፈራችን ጎመን እኮ የሩቅ አገር እንግዳ አይደለም፤ ጥንተ አገሩ የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ዘሩም በየማድ ቤቱ አለ፤ እናቶቻችን ምጣድ የሚያስሱበት ጎመን ዘር፥ ያልታመሰና ያልተፈጨ እንደ ሆነ፥ ቢዘሩት ይበቅላል። በማንኪያ ጫፍ የሚያዘው ለአንድ ቤት ይተርፋል።

ከዚህ በኋላ የእማማን ዘዴ ከመጻሕፍት ጋር ማመሳከር ጀመርን። ሩት ስታውት የተባሉት አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1955 ያሳተሙት መጽሐፍ የሚናገረው ወገብን ሳያሳምሙ አትክልት ስለ ማልማት ነው። ሴትዮዋ ማረሱንም፥ መኰትኰቱንም፥ ማረሙንም ትተው መሬቱን ዓመቱን ሙሉ በወፍራም የሣር ድርቆሽ ይሸፍኑት ነበር። ሽፋኑ አረሙን ፀሐይ ይነሣዋል፤ እርጥበቱን ያቆያል፤ ሲበሰብስም ማዳበሪያ ይሆናል። የእኛ ሰው ይህን ጉዝጓዝ ይለዋል። እኛም በዓል ባለፈ ቍጥር ከየቤቱ ተጠርጎ የሚጣለውን ደረቅ ቄጤማ እየለመንን እንሰበስባለን፤ የሰው ቤት ጉዝጓዝ ለጎመናችን ሁለተኛ ጉዝጓዝ ሆነው ማለት ነው። ጐረቤት በመጀመሪያ ተገረመ፤ አሁን ራሱ አምጥቶ ያስረክበናል።

ሌላው አሜሪካዊ መሐንዲሱ ሜል ባርቶሎሚው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት መጽሐፍ በየጐኑ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን መደብ ይዘው በ16 እኩል ካሬ ይከፍሉታል፤ በያንዳንዱም ካሬ እንደ ተክሉ መጠን 1 ቲማቲም፥ 4 ሰላጣ ወይም 16 ካሮት ይተክሉበታል። ከሜዳ ሙሉ አረም ይልቅ እጅ የሚደርስበት አንድ መደብ ይሻላል ማለታቸው ነው። የማስመሪያ ፍቅራችን እዚህ ላይ በጀን።

መደብ የሚሆን መሬት ለሌለውስ? ለዚህ ከባሕር ማዶ ይልቅ ጐረቤታችን ናይሮቢ ትቀርባለች። ኪቤራ በተባለው እጅግ በተጨናነቀው ሠፈር፥ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ፥ ብዙ ቤተሰብ በከረጢት አፈር ላይ ጎመን እያለማ ይመገባል። የዚያ አገር ሰው ጎመንን «ሱኩማ ዊኪ» ይለዋል፤ በስዋሂሊ «ሳምንቱን ግፋው» ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ሃያ አምስተኛውን ቀን ሳያውቀው አልቀረም።

አሠራሩን ሞክረን አይተነዋል። 50 ኪሎ የሚይዝ ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት ወስደን ከሥሩ ጠጠር እናደርጋለን። ከመካከሉ ሁለት አፉ የተከፈተ ትልቅ ጣሳ አቁመን በጠጠር እንሞላለን፤ በዙሪያው አፈር እንጠቀጥቃለን፤ ከዚያ ጣሳውን ወደ ላይ ስበን ደግሞ እንሞላለን፤ እንዲህ እያልን እስከ አፉ እንደርሳለን። በመካከሉ የቀረው የጠጠር ዓምድ ከላይ የሚፈሰውን ውሃ እስከ ታች ያዳርሳል። ይህን ዓምድ ስንፍና ይዞን በመጀመሪያው ከረጢት ትተነው ነበር፤ ላዩ ጭቃ ሆኖ ሥሩ ዱቄት መስሎ ቀረ። ከዚህ በኋላ ጐኑን በቢላዋ ስንዝር በስንዝር ቀደድ አድርጎ ችግኝ ማስገባት ነው።

አፈሩ ሁለት እጅ አፈር፥ አንድ እጅ በሚገባ የበሰበሰ የከብት ፍግ ቢሆን መልካም ነው፤ ትኵስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ጥቍሩ የዋልካ አፈር በዝናብ ውሃ ቋጥሮ በበጋ ስለሚሰነጠቅ አሸዋ ይጨመርበታል። ከረጢት ለከበደው የሃያ ሊትር የዘይት ጄሪካን አፉን ቈርጦ፥ በሳሙና አጥቦ፥ ሥሩን በጋለ ምስማር በስቶ ሁለት እግር ጎመን መትከል ይችላል። የኬሚካል ጄሪካን ግን አይነካ። ዕቃው ያለበትም ቦታ ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ ማግኘት አለበት፤ ከሁሉም በላይ ከበር አጠገብ ይሁን። ከቤት ጀርባ ያለ ተክል ይረሳል፤ በር ላይ ያለው ጧት ወደ ሥራ ስንወጣ ያየናል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ሳሙና ያልነካው እጣቢ ይበቃል። የቱቦ ፍሳሽ ግን አይሞከር። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ በሚለማው አትክልት ላይ ከፍሳሽ የመጣ ከባድ ብረታ ብረት እንደሚገኝ አያሌ ጥናቶች አመልክተዋል፤ የምንበላው ቅጠል ምን ጠጥቶ እንዳደገ ማወቅ ቀላል ጥቅም አይደለም። በበጋ ክሽክሽ ከቅጠሉ ሥር ሲሰፍር በቀጭን የሳሙና ውሃ ማጠብና ከመብላት በፊት በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ቲማቲምን ሲጐዳ ጎመንንና ቆስጣን ብዙም አያስደነግጣቸውም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጎመን ደመወዝን አይተካም፤ ዘይቱም ሽንኩርቱም ከገበያ ነው። የእኛ ትርፍ ከወሩ መጨረሻ ሦስትና አራት ማዕድ ነው፤ በኛ ቤት ይህ ትንሽ አይደለም።

በዚህ ዓመት ቤት ስንለቅ አራቱን ጄሪካን ከአልጋውና ከመጻሕፍቱ ጋር ጫንናቸው። ከረጢቱ አልነሣ ስላለ ለእማማ ተውነው። ባለፈው እሑድ ልንጠይቃቸው ብንሄድ፥ «ያንተ ከረጢት ከኔ ጎመን ይበልጣል» ብለው አንድ እቅፍ ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡን። አዲሱ አከራያችን ጄሪካኖቹን ደረጃው ላይ እንዳናስቀምጥ ከልክለዋል፤ በመስኮቱ ሥር ግን ፈቅደዋል፤ ፀሐይዋም የምትመጣው በዚያው በኩል ነው።