ውስን በጀትና በርካታ ጥያቄ፦ የልማት ሥራዎችን በኤክሴል ሶልቨር መምረጥ

በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በሌሎች የሐዲያና የከምባታ ከተሞች የነዋሪው የልማት ጥያቄ ከሚገኘው ገንዘብ ይበልጣል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት በዕቅድ ውይይት የሚሳተፉ ነዋሪዎችና የልማት ኮሚቴዎች፣ የትኞቹ ሥራዎች አብረው ቢመረጡ ብዙ ሰው እንደሚጠቀም አስቀድመው አስልተው መቅረብ ይችላሉ። ለዚህ የሚያገለግለው በኤክሴል ውስጥ የሚገኘው ሶልቨር የተባለ መሣሪያ ነው።

ለማሳያ ያህል፣ አንድ የሰፈር ልማት ኮሚቴ 5 ሚሊዮን ብር አለው እንበል። የቀረቡለት ጥያቄዎች አራት ናቸው፦ 3.2 ሚሊዮን ብር የሚፈጅና 400 ቤተሰብ የሚጠቅም የኮብልስቶን መንገድ፣ 2.6 ሚሊዮን ብር የሚፈጅና 310 ቤተሰብ የሚጠቅም የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ፣ በ2.4 ሚሊዮን ብር ለ280 ቤተሰብ የሚሠራ የውኃ ቦኖ፣ እንዲሁም በ1.5 ሚሊዮን ብር ለ150 ቤተሰብ የሚሠራ የእግረኛ ድልድይ።

በልማድ ቅድሚያ የሚያገኘው ብዙ ሰው የሚጠቅመው ኮብልስቶን ነው። በተረፈው ገንዘብ ድልድዩ ይሠራል፤ ተጠቃሚው 550 ቤተሰብ ይሆናል፣ 300 ሺህ ብርም ያለ ሥራ ይቀራል። ሶልቨር ግን ቦዩንና ቦኖውን ያጣምራል፤ ገንዘቡ በሙሉ ሥራ ላይ ውሎ 590 ቤተሰብ ይጠቀማል። ለብቻው ሲታይ አንደኛ የነበረው መንገድ ከተመረጡት ውስጥ የለም።

ሶልቨር መጀመሪያ ላይ ከዝርዝሩ አይታይም። «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «አድ-ኢንስ» በሚለው መንገድ ሲጨመር «ዳታ» በሚለው ክፍል ይወጣል። ኤክሴል የሌላቸው በነጻ በሚገኘው ሊብሬኦፊስ ካልክ ተመሳሳይ መሣሪያ ያገኛሉ። በሠንጠረዡ ላይ የሥራው ስም፣ ወጪው፣ ተጠቃሚውና ባዶ የውሳኔ ዓምድ ይሞላሉ። ከዚያም «ሰምፕሮዳክት» በተባለው ቀመር ጠቅላላ ወጪና ጠቅላላ ተጠቃሚ ይሰላሉ። በሶልቨር መስኮት ላይ ጠቅላላ ተጠቃሚው እንዲበዛ ይታዘዛል፤ ወጪው ከ5 ሚሊዮን እንዳይበልጥ፣ ውሳኔውም «ቢን» ማለትም 1 ወይም 0 ብቻ እንዲሆን ገደብ ይገባል። የመጨረሻው ገደብ ከተረሳ መሣሪያው አንዱን መንገድ ከአንድ ተኩል ጊዜ በላይ ሥሩ ብሎ ይመክራል! የስሌት ዘዴው «ሲምፕሌክስ ኤልፒ» ይሁን፤ መሠረቱን ጆርጅ ዳንትዚግ እ.ኤ.አ. በ1947 ያበጀው ነው። የሥራዎቹ ዝርዝር ረጅም ሲሆን በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ 1 በመቶ የሆነውን የመቻቻል ልክ ወደ 0 ማውረድ ይገባል፤ አለበለዚያ መሣሪያው ለምርጡ በተቃረበ መልስ ሊያቆም ይችላል።

ነዋሪዎች ሕፃናት በክረምት ወንዝ ተሻግረው ትምህርት ቤት ስለሚሄዱ ድልድዩ የግድ ይሠራ ቢሉስ? የድልድዩ ውሳኔ 1 እንዲሆን አንድ ገደብ ይጨመራል። መልሱ ወደ ኮብልስቶንና ድልድይ ይመለሳል፣ ተጠቃሚውም 550 ይሆናል። ስለዚህ የድልድዩ ዋጋ 40 ቤተሰብ ነው ማለት ነው። ይህ ዋጋ ተገቢ መሆን አለመሆኑን ሶልቨር አይወስንም፤ የሕፃናቱ ደኅንነት በቤተሰብ ቁጥር ስላልተመዘነ ውሳኔው የተሰብሳቢው ነው።

የተጠቃሚ ቁጥር ሲሞላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቦዩና ቦኖው በአንድ መንደር የሚሠሩ ከሆነ አንድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ሊቆጠርና 590 የተባለው ከእውነቱ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ቆጠራው ቤት ለቤት ተጣርቶ ወደ ሠንጠረዡ ይግባ።