ስምንተኛው ቀን ላይ ምን ይበላል?

የሆድ ማጽጃ ሻይ፣ የሦስት ቀን የጭማቂ ዲቶክስ፣ በሰባት ቀን ቦርጭ ያጠፋል የተባለ የምግብ ፕሮግራም፤ በቴሌግራምና በቲክቶክ የማይሸጥ የለም። ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ያለ ሰው ስልኩን ነክቶ ማዘዝ ይችላል። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይሠራል ወይስ አይሠራም? እኔ ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ነው እላለሁ። የተባለውን ሁሉ በሰባት ቀን የሚፈጽም ማጽጃ ቢገኝ እንኳ፣ ስምንተኛው ቀን ላይ ገበታው የድሮው ከሆነ ሰውነትም ወደ ድሮው ይመለሳል። ይህን ለማስረዳት ከውጭ አገር ጥናት መጀመር አያስፈልግም። ማስረጃው እዚሁ አጠገባችን ተራራው ላይ በቅሏል።

ከሰበታ ወደ ወጨጫ ተራራ ሲወጣ፣ በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ከጽዱና ከዝግባው ጋር የኮሶ ዛፍ አለ። የሴቴዋ ዛፍ አበባ ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱን የቀመሰ አይረሳውም። ከዚያ ሆድ ያስቀምጣል፣ የሆድ ትሉም ይወጣል። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የከብት ሥጋ የሚያመጣው ረጅም ትል የብዙ ሰው ዕጣ ነበር፤ ርዝመቱ በርካታ ሜትር ይደርሳል። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚህ የመጡ ተጓዦች ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ እንደሚጠጣ ጽፈዋል። የመድኃኒቱ ዝና ባሕር ተሻግሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ውስጥ ገባ። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1979 አውሮፓ ኮሶን እንዴት እንዳወቀችው የሚተርክ ጥናት አሳትመዋል። ስለዚህ ስለ ኮሶ ስናወራ የምናወራው ስለ ተረት መድኃኒት አይደለም። በእርግጥ ይሠራ ነበር።

ታዲያ የሚሠራ ከሆነ ለምን በየሁለት ወሩ? አንዱ ምክንያት ከትሉ ጠባይ ይመጣል፤ ቁራጮቹ ወጥተው ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ እንደገና ያድጋል። ሁለተኛውና ትልቁ ምክንያት ግን ኮሶ የጠጣው ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ቁርጥ መብላቱ ነው። ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፣ ከብቱ በዚያ የተበከለውን ሣር ይግጣል፣ ሰው የከብቱን ሥጋ ጥሬውን ይበላል፤ ክቡ በዚህ ይዘጋል። ኮሶው ከክቡ አንዷን ነጥብ ብቻ ለአንድ ቀን ይነካል። ሥጋ ሲበስል፣ ሽንት ቤት ሲቆፈር፣ በቄራ የሥጋ ምርመራ ሲደረግ ግን ክቡ ራሱ ይሰበራል። ዛሬ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የተባሉት መድኃኒቶች ትሉን ከነጭንቅላቱ ያስወግዳሉ። እነሱን የዋጠም ቢሆን ጥሬ ሥጋውን ካልተወ እንደገና ይያዛል። አንድን የማጽዳት ዘዴ መመዘን ያለብን ባወጣው ነገር ብቻ ሳይሆን፣ የወጣው ተመልሶ እንዳይገባ ምን እንደለወጠ በማየትም ነው የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው።

ዛሬ የሚሸጡት ማጽጃዎች ደግሞ ኮሶ የነበረውን ክብር እንኳ አያገኙም። ኮሶ ጠላቱ የታወቀ ነበር፤ የወጣውም በዓይን ይታያል። «ዲቶክስ» የሚባለው ግን የሚያወጣውን መርዝ ስሙን አይናገርም። እርሳስ ነው? የፀረ ተባይ ቅሪት ነው? ስንት ነበር፣ ስንት ቀረ? መልስ የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ስለ ንግድ ዲቶክሶች የተጻፈውን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በዕጣ በተመደቡ የሰው ቡድኖች ላይ በአግባቡ ተፈትኖ ውጤቱ የታየ አንድም አላገኙም። መርዝ የማስወገዱን ሥራ በየቀኑ የሚሠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ኩላሊት ብቻውን በቀን ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ የደም ፈሳሽ ያጣራል። ጤነኛ ኩላሊት ሻይ አይለምንም፤ የታመመ ኩላሊት ያለበት ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው።

እዚህ ላይ የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ «በአንድ ሳምንት አራት ኪሎ ቀንሻለሁ፣ ሚዛን አይዋሽም» ይባላል። ሚዛኑ አይዋሽም፤ የሚናገረው ግን ስለ ስብ ብቻ አይደለም። ሰውነት በጡንቻና በጉበት ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለው፤ በአዋቂ ሰው ግማሽ ኪሎ ያህል ይሆናል። እያንዳንዱ ግራም ወደ ሦስት ግራም ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እንጀራና ዳቦ በድንገት ሲቋረጥ ይህ ክምችት ከነውሃው በጥቂት ቀን ውስጥ ያልቃል፤ አንጀት ውስጥ ያለውም ይራገፋል። ስቡን በሒሳብ እንየው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በቀን 2,000 ካሎሪ የሚያቃጥል ሰው ሰባት ቀን ሙሉ ምንም ሳይቀምስ ቢውል የሚያወጣው 14,000 ካሎሪ ነው፤ ሁሉም ከስብ ቢመጣ እንኳ ሁለት ኪሎ አይሞላም። ደግሞ ሁሉም ከስብ አይመጣም፣ ከጡንቻም ይሄዳል። በስምንተኛው ቀን እንጀራ ሲበላ ግላይኮጅኑ ይሞላል፣ ውሃው ይመለሳል፣ ሚዛኑም ከፍ ይላል። ሰውየው ይህን እንደ ስንፍናው ይቆጥረዋል። ስንፍና አይደለም፤ የወጣው ውሃ ስለነበረ ነው። ሰዎች ያለ ጥፋታቸው ራሳቸውን ሲወቅሱና ወቀሳው ሁለተኛውን እሽግ እንዲገዙ ሲያደርጋቸው ማየት ያሳዝነኛል።

ከሻዮቹ ብዙዎቹ የሚሠሩት በሰናመኪ ወይም በመሰል አስቀማጭ ቅጠል ነው። ሰናመኪ የሚያነቃቃው ትልቁን አንጀት ነው። የምግብ ኃይል ግን አብዛኛው የሚመጠጠው ከዚያ በፊት፣ በትንሹ አንጀት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ጥናት ሰዎች በአስቀማጭ መድኃኒት ብዙ ተቅማጥ ሲይዛቸው እንኳ ሰውነታቸው ያልወሰደው ካሎሪ 12 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፣ በተለይም ፖታሲየም። ፖታሲየም ሲወርድ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምትም ሊዛባ ይችላል።

«ግን ቅልል ይለኛል» የሚለውን ቃል አልጥለውም። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ቅልል ይለዋል። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ከሻዩ ሌላ ምን እንደተለወጠ እንቁጠር፤ ቢራው ቀርቷል፣ ሻይ ላይ የሚጨመረው ሦስት ማንኪያ ስኳር ቀርቷል፣ ማታ በሦስት ሰዓት የሚበላው ከባድ እራት ቀርቷል፣ ውሃ በብዛት ተጠጥቷል፣ በጊዜ ተተኝቷል። ቅለቱ ከእነዚህ የመጣ ከሆነ፣ እነዚህን ይዞ እሽጉን መተው ይቻላል። ተሸካሚው አንድ፣ ተመስጋኙ ሌላ እንዳይሆን ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ከሳይንስ በኩል የሚመጣው ነው፣ በአክብሮት መመለስም ይገባዋል። በብሪታንያ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዳይሬክት የተባለ ጥናት፣ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ከሦስት እስከ አምስት ወር በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ብቻ እንዲወስዱ አደረገ፤ በዓመቱም 46 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ተስተካክሎ ተገኙ። ስለዚህ ጥብቅ አመጋገብ ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን እዚያ የተደረገውን ሙሉውን እንየው። ሰዎቹ በሐኪም ተመርጠዋል፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒታቸው በክትትል ቆሟል፣ ምግቡ የተመጣጠነ ሆኖ የተዘጋጀ ነው፣ ከዚያም መደበኛው ምግብ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ተመልሷል፣ ክትትሉም ለዓመታት ቀጥሏል። እንዲህም ሆኖ በሁለተኛው ዓመት 46 በመቶው ወደ 36 በመቶ ወረደ። ክብደቱ ሲመለስ በሽታውም ይመለሳል። ጥናቱ እንግዲህ የሰባት ቀኑን ማጽጃ አይደግፍም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ጊዜ ሥራው ራሱ እንደሆነ ነው የሚያሳየው። ከእሱ በጣም የቆየውን የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናትም ማንሳት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በተካሄደው በዚህ ጥናት ተመራማሪው አንሰል ኪስ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር ግማሽ ርሃብ ላይ አቆዩ። ወጣቶቹ የክብደታቸውን ሩብ አጡ፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፣ ብስጩና ብርዳም ሆኑ። ምግብ ሲፈቀድላቸው ከመጠን በላይ በሉ፣ የሰውነታቸው ስብም ከመጀመሪያው አልፎ ሄደ። ሰውነት ርሃብን የሚያየው እንደ አደጋ ነው፤ ለቀጣዩም ያጠራቅማል።

ሌላው የሚነሳው ጾም ነው፤ «እኛ ሁዳዴን 55 ቀን እንጾም የለ፣ ሰባት ቀን ምን ያደርጋል?» ጾሙን ከዲቶክስ ጋር አንድ ማድረግ ለጾሙም አይመጥነውም። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ፣ ካህናቱ ደግሞ እስከ 250 ቀን ይጾማሉ፤ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ ይመለሳሉ። ዓላማው ነፍስ ነው፣ ወገብ አይደለም። ከምግብ አንጻር ብቻ ቢታይ እንኳ ጾሙ ገበታውን ባዶ አያደርግም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ሱፉ ከእንጀራ ጋር ይቀርባሉ። ከዚህም በላይ ብቻውን የሚጾም የለም፤ ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሆቴሉም ሳይቀር አብሮ ይጾማል። ረመዳንም እንደዚሁ የማኅበረሰብ ሥርዓት ነው። ጭማቂ ብቻ የሚጠጣው ሰው ግን ቤተሰቡ ጥብስ በሚበላበት ገበታ አጠገብ ለብቻው ይታገላል። በጾሙም ሆነ በማጽጃው ግን ሰውነት የሚጠብቀው ሕግ አንድ ነው፤ በፋሲካ ሳምንት የሚበላው ሁዳዴ የቀነሰውን ኪሎ መመለሱ አይቀርም።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ ጉዳት የለውም» ለሚለው እንደገና ኮሶን እጠራለሁ። መጠኑ ሲበዛ ዓይን እንደጎዳ፣ ሰው እንደገደለም ተመዝግቧል። ሐኪሞች ሌላ መድኃኒት ሲያገኙ ኮሶን የተዉት አንድም ስለዚህ ነው። አስቀማጩ የጉሎ ዘይት ነፍሰ ጡርን ምጥ ሊያስጀምራት ይችላል። የስኳር በሽታ ኖሯቸው ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ሰዎች ምግብ ሲያቋርጡ ስኳራቸው በድንገት ሊወርድ፣ ራሳቸውንም ሊስቱ ይችላሉ። ለደም ግፊት የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው አስቀማጭ ሲጨምርበት ፖታሲየሙ ከሁለት በኩል ይፈሳል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የምትውጥ ሴትም ብርቱ ተቅማጥ ከያዛት ኪኒኑ ሳይመጠጥ ሊያልፍ ይችላል። ሻጩ ግን ይህን አይጠይቅም።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምንኖር ሰዎች ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች የቀጠኑ፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከመጠን በላይ የወፈሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በከተማ ውፍረቱ ከፍ ይላል። ከአራት ሴቶች አንዷ ገደማ ደም ማነስ ነበረባት። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ይገናኛሉ፤ አንድ ማስታወቂያ ግን ለሁሉም ይደርሳል። ደሟ ያነሰ ልጅ ቦርጭ ባይኖራትም ለሠርግ ብላ ለሳምንት እህል ትተዋለች። በሌላ በኩል ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ተሰልፎ አዲስ አበባ የሚሠራው ሰው ቀን የረባ ምግብ ሳይበላ ይውልና ማታ ቤቱ ሲደርስ የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይበላል። የእሱን ችግር የሚፈታው ቁርስ ላይ በሶ ወይም ቂንጬ በልቶ መውጣቱ፣ ምሳ መቋጠሩ፣ እራቱን ማሳነሱ፣ የሻይ ስኳሩን መቀነሱ፣ ከመንገዱም ጥቂቱን በእግሩ መሄዱ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጎመን፣ ምስር፣ ሽምብራና ገብስ በየገበያው አለ፤ ወተቱን ሱሉልታ ራሷ ለአዲስ አበባ ታቀርባለች። ውጤቱ በወር አንድና ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው፣ ለማስታወቂያም አይመችም። የሚቆየው ግን ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ስምንተኛውም ሠላሳኛውም ቀን ላይ የሚበላው ያው ስለሆነ።

አሁን ማጽጃ ላይ ያላችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ማቆም ይቻላል፤ ጀምሮ መጨረስ ግዴታ አይደለም። ወደ ምግብ ስትመለሱ ከአጥሚት፣ ከሾርባ ወይም ከቀጭን ሽሮ በትንሽ በትንሹ ጀምሩ፤ ተቅማጥ ካለ ከመድኃኒት ቤት ኦአርኤስ ገዝታችሁ ጠጡ። ለብዙ ቀን ምንም ያልበላ ሰው ግን በድንገት ብዙ ከመብላቱ በፊት ሐኪም ያማክር። ስትነሱ የሚያዞራችሁ፣ ልባችሁ ያለ ሥራ የሚመታ፣ እግራችሁ የሚኮማተር ወይም ሽንታችሁ ያነሰ ከሆነ፣ «መርዙ እየወጣ ነው፣ ታገሡ» የሚለውን የሻጩን መልስ አትጠብቁ። እሽጉን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የወሰዳችሁትንም ሳትደብቁ ንገሯቸው።