«ሞቅ ያለ ድምጽ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የተማሪ የሬዲዮ ሥራ ከተደመጠ በኋላ ብዙ ጊዜ የምንሰጠው አስተያየት «ድምጹ ጥሩ አይደለም» የሚል ነው። ይሄ ግን ሠሪውን ምንም አይረዳውም። ማይኩን ያቅርበው? ክፍል ይቀይር? አያውቅም። ስለዚህ የድምጽ ጥራት የሚገለጽባቸውን ቃላት መለየት ለእኛ የሥራ መሣሪያ ነው።

ፈረንጆቹ በዚህ ረገድ ቀድመዋል። በ1962 እ.ኤ.አ. ስቴሪዮፋይል የተባለውን የአሜሪካ መጽሔት የመሠረተው ጄ. ጎርደን ሆልት የድምጽ መሣሪያን በጆሮ ሰምቶ በቃላት የመገምገምን ልማድ ካስፋፉት አንዱ ነው። ከሚወዷቸው ቃላት አንዱ በቀጥታ ሲተረጎም «ሙቅ» ይሆናል፤ ቤዙ ከትሬብሉ ትንሽ በርከት ብሎ ለጆሮ የሚለሰልስ ማለት ነው። አዳማ ውስጥ «ሞቅ ያለ ክፈትልን» ብትሉ ግን የሚከፈትላችሁ የሚያስጨፍር ዘፈን ነው! «ቀጭን»ም እንዲሁ ነው። እኛ ከፍ ያለ ቃና ማለታችን ሲሆን እነሱ ግን ቤዝ የጎደለው ማለታቸው ነው። ስለዚህ መተርጎም ብቻ አይበቃም፤ ቃሉ የሚያመለክተውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ለመሆኑ ምንን ያመለክታል? የሰው ጆሮ በግምት ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ያን ያህል ጊዜ የሚርገበገብ ድምጽ ይሰማል። ከበሮ ወደ ታች፣ ዋሽንት ወደ ላይ ነው። እስቲ አራት ቃላት እንይ።

የታፈነ፦ የላይኛው ክፍል ሲጎድል ነው። የድሮው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው በግምት ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ብቻ ስለነበር «ሰ» እና «ፈ» ይምታቱ ነበር።

የሚያስተጋባ፦ ድምጹ ከባዶ ግድግዳ ተመልሶ ሲመጣ ነው። መፍትሔው ማይኩን ወደ አፍ ማቅረብ ወይም መጋረጃና ምንጣፍ ያለው ክፍል መፈለግ ነው።

ሻካራ፦ የመቅጃው መጠን ከልክ በላይ ሲከፈት የድምጹ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል። በኋላ ቢቀነስም የተቆረጠው አይመለስም።

የሚያጉረመርም፦ ይሄ ለእኛ ከተማ ዋናው ነው። አዳማ የነፋስ አገር ነች፤ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሁለተኛው የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው እዚሁ ነው። ያው ነፋስ ማይክ ላይ ሲያርፍ የሰውን ንግግር ይውጠዋል። ስለዚህ ማይኩን ስፖንጅ ማልበስ፣ ለነፋሱም ጀርባ መስጠት ነው።

ታዲያ ሻካራ ድምጽ ሁሉ ጉድለት ነው ማለት አይደለም። የበገና አሥሩ አውታሮች እዝዝ የሚሉት በየአውታሩ ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ሆን ተብሎ ስለሚገባ ነው። ይህን «ላጥራው» ብሎ በኮምፒውተር የሚያጠፋ ሰው በገናውን ራሱን አጠፋው ማለት ነው።

አንድ የመቂ ገበሬ «ውሃ አልደረሰንም» ብሎ ቢነግረንና «አል» የምትለዋን ነፋስ ቢበላት፣ አድማጭ ጋ የሚደርሰው ተቃራኒው ነው። እንግዲህ ቀጣዩን ሥራ ስንገመግም «ጥሩ አይደለም» ከማለት «ታፍኗል»፣ «ያስተጋባል» እንበል። ያኔ ጓደኛችን ምን እንደሚያስተካክል ያውቃል።