የዛንዚባር አውሎ ነፋስ፦ ተረትና እውነታ

በናይሮቢ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በሚገኙበት በሁርሊንግሃም ሰፈር ለሚያድግ ልጅ የባሕር አውሎ ነፋስ የሩቅ አገር ወሬ ነው፤ ሰፈሩ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ከወደብ ከተማዋ ከሞምባሳም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ስለሆነ ልጁ አልተሳሳተም። ስሕተቱ የሚመጣው ይኸው ግምት እስከ ባሕሩ ዳርቻ ሲዘልቅ ነው።

ብዙዎች ሀሪኬን የአሜሪካ ጉዳይ እንጂ ምሥራቅ አፍሪካን የማይነካ ይመስላቸዋል። ሀሪኬን፣ ታይፉንና ሳይክሎን ግን አንድ ዓይነት አውሎ ነፋስ ናቸው፤ በአትላንቲክ ሲነሣ ሀሪኬን፣ በምዕራብ ፓስፊክ ታይፉን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ሳይክሎን ይባላል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1872 እንዲህ ያለ ሳይክሎን ዛንዚባርን መትቶ፣ የገዢዋን የሱልጣን ባርጋሽን መርከቦች ጨምሮ ወደቡ ላይ የነበሩትን ሰባበረ፤ የቅርንፉድና የኮኮናት ዛፎችንም ከሥራቸው ነቃቀለ። ደሴቲቱ ከአውሎ ነፋስ መንገድ ውጭ ናት ተብሎ ይታመን ስለነበር የተዘጋጀ ሰው አልነበረም፤ ማስጠንቀቂያ ሊያደርስ ይችል የነበረው የቴሌግራፍ ገመድ እንኳ የተዘረጋላት ከ7 ዓመት በኋላ ነው።

ከምድር ወገብ አጠገብ ሳይክሎን ፈጽሞ አይደርስም የሚለው እምነት ግማሽ እውነት ስላለበት ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። እንጀራ ሲጋገር ከሊጡ የሚነሣው እንፋሎት አክንባሎውን ነክቶ ጠብታ ይሆናል፤ ወደ ውሃ ሲመለስም የያዘውን ሙቀት ይለቃል፣ እጅን ክፉኛ የሚያቃጥለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሳይክሎንም ኃይሉን የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ቢያንስ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ከሞቀ ባሕር የሚነሣው እንፋሎት ከፍ ብሎ ወደ ደመና ሲለወጥ የሚለቀው ሙቀት ነፋሱን ያበረታዋል። ነፋሱ ክብ ሠርቶ እንዲዞር የሚያደርገው ግን የመሬት መሽከርከር ነው፤ ይህ ግፊት በምድር ወገብ ላይ ስለሚጠፋ ወደ 4 ዲግሪ ደቡብ ላይ ያለችው ሞምባሳ እምብዛም አትሰጋም። 6 ዲግሪ ላይ ያለችው ዛንዚባር ጠርዝ ላይ ናት፤ ወደ ደቡብ በተሄደ ቁጥር አደጋው ይጨምራል፣ በ1952 የታንዛኒያዋን ሊንዲን ያጎሳቆለውም ሳይክሎን ነው።

ነፋሱ ድንገት ጸጥ ካለ አደጋው አልፏል ማለትም ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። በመካከሉ «ዓይን» የሚባል የረጋ ስፍራ አለና፣ እሱ እንዳለፈ ነፋሱ ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመለሳል።

በ2024 ናይሮቢን ያጥለቀለቀው ጎርፍ የሳይክሎን ሂዳያ ሥራ ነበር የሚባለውንም ቀኑ ብቻ ያፈርሰዋል፤ ጎርፉ የበረታው በኤፕሪል፣ በረጅሙ የዝናብ ወቅት ሲሆን፣ ሂዳያ የታንዛኒያን ማፊያ ደሴት የደረሰው በሜይ 4 ነው። የሁርሊንግሃም ልጅ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ጎዳናውን የሚሞላው ዝናብ እንጂ ሳይክሎኑ አይደለም።

ሳይክሎን አካባቢውን ሁሉ እኩል ያወድማል የሚባለውም እንዲሁ ሐሰት ነው። በ1872 ከዛንዚባር ዋና ደሴት በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው የፔምባ ደሴት ዛፎች በአብዛኛው ተርፈዋል፤ አዲስ የተተከለ የቅርንፉድ ችግኝ እስኪያፈራ ዓመታት ስለሚፈጅ የቅርንፉዱ ምርት ወደ ፔምባ አዘነበለ፤ ዛሬም በሻይ ውስጥ የሚጣለው የዛንዚባር ቅርንፉድ አብዛኛው የሚለቀመው ከዚያች ደሴት ነው።