ከሩቅ የሚናገሩ የአየር ጠባይ መሣሪያዎች በኢሉባቦር



በኢሉባቦር ዝናብ መዝነቡ ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም። በየትኛው ስፍራ፥ በስንት ሰዓት፥ ስንት ሚሊሜትር እንደ ዘነበ ለይቶ ማወቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አገሩ ወጣ ገባ ስለ ሆነ አንድ ጣቢያ ብቻውን ለሁሉ ሊመሰክር አይችልም። ጎሬ በ2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፥ መቱ ከእርስዋ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፥ በሁለቱ ጎረቤት ከተሞች መካከል እንኳ የሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ልዩነት ይጠበቃል። ወደ ጋምቤላ ሲወረድ ደግሞ ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

«ሳተላይት ከላይ እያየ ጣቢያ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ሳተላይቱ በአብዛኛው የሚለካው የደመናውን ጫፍ ቅዝቃዜ እንጂ መሬት የደረሰውን ውሃ አይደለም። እርጥብ ነፋስ ተራራ ሲወጣ የሚፈጠረው ደመና ጫፉ እጅግ ሳይቀዘቅዝ ብዙ ሊያዘንብ ስለሚችል፥ ከሰማይ የተገኘው ግምት ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዎች ግምቱን በምድር ልኬት ያርሙታል።

ቀድሞ በሲቪል አቪዬሽን ሥር የነበረው የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ የተቋቋመ ሲሆን፥ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። በሰው ከሚነበቡት ጣቢያዎች ጎን አውቶማቲክ ጣቢያዎችም ተተክለዋል። በእነዚህ ውስጥ የዝናቡ ውሃ በማጥለያ ወርዶ ትንሽ ማንኪያ መሰል ዕቃ ይሞላል፤ ዕቃው በሞላ ቁጥር ይገለበጣል፤ መሣሪያውም ግልበጣውን ቆጥሮ በስልክ መረብ አማካይነት ወደ ማዕከል ይልካል። ኃይሉን ከፀሐይ ያገኛል።

ጥቅሙ ለማን ነው? የቡና ዛፍ ከደረቁ ወራት በኋላ በቂ ዝናብ ባገኘ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያብባል። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው በያዩ የቡና ደን ዙሪያ የሚኖር ገበሬ፥ የዝናቡ መጀመሪያ ሲዛባ ጉዳቱን በምርቱ ያየዋል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ጠባቂ ይሻል። ማጥለያው በቅጠል ከተደፈነ፥ ዶፍ እየወረደ «ዜሮ» ብሎ ይልካል፤ በመዝገብም ላይ ያልነበረ ድርቅ ይጻፋል። የደመና ብዛትና የዛፍ ጥላም ባትሪውን ያደክማሉ። ስለዚህ በየከተማው ያላችሁ ሹማምንትና ሠራተኞች ሆይ፥ አጥሩን ማስጠበቅ፥ በዙሪያውም ቤት ሲሠራ ወይም ባሕር ዛፍ ሲተከል ቢያንስ የቁመቱን እጥፍ እንዲርቅ ማድረግ ይገባችኋል። አዲሱ መሣሪያ እስኪፈተን ድረስም የሰው ንባብ ሳይቋረጥ ጎን ለጎን ይቀጥል፤ የረጅም ዘመን መዝገብ አንድ ጊዜ ከተቋረጠ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊለካ አይችልምና።