ከኩሬው በፊት ጠባቂው፦ ስለ ዓሣ እንክብካቤና ምገባ ሙያ ለሰበካ ጉባኤያት

ዓሣ እናርባ የሚለው ሐሳብ በሐዋሳና በአካባቢዋ ባሉ አጥቢያዎች ዘንድ አዲስ አይደለም። ከተማዋ የሐይቅ ከተማ ናት፤ የዓሣ ገበያዋም በአሞራ ገደል በየማለዳው ይቆማል። በጾም ወራት ደግሞ ፈላጊው ይበዛል፤ ዋጋውም ይጨምራል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ጉዳይ ለሊቃውንቱ ትተን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አንድ የልማት ጥያቄ ነው። ሰበካ ጉባኤያት የኩሬ ዕቅድ ሲያቀርቡ የቁፋሮው፣ የሲሚንቶውና የቧንቧው ወጪ በዝርዝር ይሰፍራል። ዓሣውን በየቀኑ የሚመግበውና የሚንከባከበው ሰው ግን ብዙ ጊዜ በዕቅዱ ውስጥ አይገኝም፤ ቢገኝም «ጥበቃው ደርቦ ይሠራዋል» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። የብዙ ኩሬዎች መክሰም የሚጀምረው ከዚህች መስመር ነው።

ከሐይቁ ወደ ኩሬው

የሐዋሳ ሐይቅ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ዋና ገባሩ የጥቁር ውኃ ወንዝ ነው፤ በምድር ላይ ፈስሶ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። በመሆኑም ወደ ሐይቁ የገባው ደለልና ፍሳሽ አብዛኛው በዚያው ይቀራል። ለገበያ ከሚቀርቡት ዓሣዎቹ መካከል ዋነኞቹ ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። በተለይ ቆሮሶን ብዙ ሰው ስለሚፈልገው የአጥማጁ ቁጥር ሲበዛና የመረቡ ዓይን ሲጠብብ ገና ያልወለደው ዓሣ ይያዛል፤ የነገው ምርት ዛሬ ይበላል። የኩሬ እርባታ ከዚህ ጫና ጥቂቱን ሊያቀልል ይችላል። ለአጥቢያውም ገቢ፣ ለወጣቱም ሙያ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ማጥመድና ማርባት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አጥማጁ ያልዘራውን ያጭዳል፤ ጥበቡም መቼና የት መረብ እንደሚጥል ማወቅ ነው። አርቢው ግን ሥራው የእረኛ ሥራ ነው። ልዩነቱ በግ ሲራብ ይጮኻል፣ ሲታመም ያነክሳል፤ ዓሣ ግን ድምፅ የለውም፣ በደፈረሰ ውኃ ውስጥም አይታይም። ስለዚህ የዓሣ እንክብካቤና ምገባ ባለሙያ የመንጋውን ሁኔታ የሚያውቀው ከውኃው፣ ከምገባው ሰዓትና ከመዝገቡ ነው። እነዚህን ሦስቱን በየተራ እንመልከት።

ውኃውን ማንበብ

የባለሙያው ቀን የሚጀምረው ጎሕ ሲቀድ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። በኩሬው ውስጥ የሚገኙት ደቃቅ አረንጓዴ ዕፀዋት ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመነጫሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳሉ። ስለሆነም በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። በዚያ ሰዓት ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ቢታዩ ርቧቸው አይደለም፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው «ተራቡ» ብሎ መኖ ይጨምራል፤ ያልተበላው መኖ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ይፈጀዋል፤ በማግሥቱም ኩሬው በሞተ ዓሣ ተሸፍኖ ይገኛል። ትክክለኛው እርምጃ ተቃራኒው ነው፤ መኖውንና ፍግ መጨመሩን ማቆም፣ ንጹሕ ውኃም ማስገባት። ለቆሮሶ ኦክስጅኑ በሊትር 5 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ቢሆን መልካም ነው። አምባዛ ከአየር መተንፈስ የሚችልበት ተጨማሪ አካል ስላለው የተሻለ ይታገሣል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ቆሮሶ በደንብ የሚበላውና የሚያድገው ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ወደ 16 ዲግሪ ሲጠጋ ዕድገቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። በሐዋሳ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ብርድ ጥልቀት የሌለውን ኩሬ ቶሎ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ባለሙያው ቴርሞሜትር ሊኖረው፣ በቀዝቃዛም ቀን መኖውን ሊቀንስ ይገባል።

ሦስተኛው የውኃው ቀለም ነው። ኩሬው በመጠኑ አረንጓዴ ሲሆን ለዓሣው የተፈጥሮ ምግብ አለ ማለት ነው። መለኪያው ቀላል ነው፤ ክንድን እስከ ክርን ድረስ ወደ ውኃው ማስገባት። ውኃው ክርን ጋ ሲደርስ መዳፉ ከዓይን ከተሰወረ መጠኑ ደኅና ነው። ገና አንጓው ሳይጠልቅ መዳፉ ከጠፋ ውኃው ከልክ በላይ ወፍሯል፤ ፍግ አይጨመርበትም። መዳፉ ጥርት ብሎ ከታየ ደግሞ ውኃው ምግብ አጥሮታል።

በከተማው ውስጥ ላሉ አጥቢያዎች አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት በቀጥታ ዓሣ ወዳለበት ገንዳ አይለቀቅም፤ ክዳን በሌለው ማጠራቀሚያ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ሊቆይ ይገባል። የጠበል ምንጭ ባለበት ደብርም የኩሬው ውኃ ከጠበሉ መስመር ፈጽሞ የተለየ ይሁን፤ የኩሬው ፍሳሽም ወደ ጠበሉ እንዳይወርድ ቦታው አስቀድሞ ይጠና።

በልክ መመገብ

ከኩሬ እርባታ ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ መኖ ነው። በመሆኑም መጋቢው እፍኝ ሲያበዛም ሲያሳንስም የአጥቢያውን ገንዘብ ያባክናል። ልኩ የሚታወቀው በግምት ሳይሆን በሚዛን ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። 10 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ኩሬ 200 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። በካሬ ሜትር 2 ጫጩት ቢገባበት 400 ዓሣ ይሆናል። ባለሙያው በመረብ 40 ዓሣ አውጥቶ ቢመዝንና ክብደታቸው 2 ኪሎ ቢሆን የአንዱ አማካይ ክብደት 50 ግራም ነው። የ400ው ድምር 20 ኪሎ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ የቀን መኖው ከክብደታቸው 4 በመቶ ገደማ ስለሆነ 800 ግራም ይደርሳል፤ እርሱም ለሁለት ተከፍሎ ጠዋት 400፣ ከሰዓት በኋላ 400 ግራም ይሰጣል። ከጊዜ በኋላ እንደገና ሲመዘን 40ው ዓሣ 6 ኪሎ ቢሆን አማካዩ 150 ግራም ደርሷል። በዚህ መካከል 20 ዓሣ ሞቶ ከሆነ የቀረው 380 ነው፤ ድምሩም 57 ኪሎ ይሆናል። አሁን መጠኑ ወደ 3 በመቶ ስለሚወርድ የቀን መኖው 1 ኪሎ ከ710 ግራም ነው። ሳይመዝን በፊተኛው 800 ግራም የቀጠለ መጋቢ ዓሣውን ከሚገባው ግማሽ በታች እየመገበ ነው። ወሩ ያልፋል፣ ዓሣው አያድግም፣ ኮሚቴውም «ዘሩ መጥፎ ነው» ብሎ ይፈርዳል።

ለትንንሽ ጫጩቶች መጠኑ ከክብደታቸው 10 በመቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ በቀንም ደጋግመው ይመገባሉ። የጫጩት መኖ ፕሮቲኑ ከ35 እስከ 45 በመቶ፣ የአደጉት ደግሞ ከ25 እስከ 32 በመቶ ቢሆን ይመከራል። በአገር ውስጥ ከሚገኙት የመኖ ግብዓቶች የኑግ ፋጉሎ፣ የስንዴ ፉርሽካ፣ አኩሪ አተርና የዓሣ ዱቄት ይጠቀሳሉ። በዓሣ ገበያ የሚጣለው ጭንቅላትና አጥንት ተቀቅሎ፣ ደርቆና ተፈጭቶ ለዚሁ ይውላል። ነገር ግን ፋጉሎም ሆነ ሌላው መኖ ከሻገተ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊይዝ ስለሚችል የዓሣውን ጉበት ይጎዳል። ስለዚህ መኖ ከመሬት ከፍ ባለ፣ አየር በሚገባበት ደረቅ ቦታ ይቀመጣል፤ የሻገተው ይጣላል እንጂ «ለዓሣ ነው» ተብሎ አይሰጥም።

የምገባው ሰዓት ፀሐይ ውኃውን ካሞቀች በኋላ ከጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ገደማ፣ ዳግመኛም ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ገደማ ይሁን። ቦታውም ሁልጊዜ አንድ ቢሆን ዓሣው ይለምዳል። መጋቢው መኖውን በትኖ አይሄድም፤ 15 ደቂቃ ያህል ቆሞ ይመለከታል። ቶሎ የሚመጣና የሚሻማ ዓሣ ጤነኛ ነው። ዘግይቶ የሚመጣ ወይም መኖውን ትቶ የሚመለስ ከሆነ ግን ምክንያቱ ይፈለጋል። ይህች 15 ደቂቃ የእረኛው የቆጠራ ሰዓት ናት።

ዘሩና ብዛቱ

ቆሮሶ ፈጥኖ የሚዋለድ ዓሣ ነው። እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ከጠላት እንዲድኑ በአፏ ትሸሽጋቸዋለች። ይህ የተፈጥሮ ድንቅ ለአርቢው ግን ችግር ያመጣል። ወንድና ሴት ተቀላቅለው ከተተዉ ኩሬው በጥቂት ወራት ውስጥ በጫጩት ይሞላል፤ ምግቡ ለሁሉም አይበቃም፤ በመጨረሻም ለገበያ የማይሆን ብዙ ትንንሽ ዓሣ ይቀራል። መፍትሔው ቶሎ የሚያድጉትን ወንዶቹን ለይቶ ማስገባት፣ ወይም ቆሮሶው ጠንከር ካለ በኋላ ጫጩቶቹን እየበላ የሚቀንስ ጥቂት አምባዛ መጨመር ነው። ወንድን ከሴት በዓይን መለየት ልምምድ የሚጠይቅ የባለሙያው ችሎታ ነው።

ጫጩት ከታወቀ ቦታ ይወሰድ። በሰበታ የሚገኘው የዓሣና የሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል በዚህ ረገድ የቆየ ልምድ አለው፤ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም በዓሣ ሀብትና በዓሣ እርባታ ትምህርት ይሰጣል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስላለ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የአካባቢውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ማማከር ግዴታችን ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ዓሣም በምንም ምክንያት ወደ ሐይቁ አይለቀቅ፤ በሽታውና ዝርያው አብሮ ይገባልና።

መዝገብ፣ ሰንበትና ደመወዝ

አጥቢያዎቻችን ሙዳየ ምጽዋቱን ቆጥረው በመዝገብ ማስፈር የለመዱ ናቸው። የኩሬውም መዝገብ እንዲሁ ነው፤ ቀኑ፣ የማለዳው ሙቀት፣ የተሰጠው መኖ፣ የሞተው ዓሣ ቁጥርና የታየ ለውጥ በየዕለቱ ይጻፋል። ሚዛኑ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ይመዘገባል። በሽያጭ ጊዜ የተገዛው መኖ በኪሎ ከተገኘው ዓሣ ጋር ይነጻጸራል። የተመጣጠነ መኖ ከሆነ ለ1 ኪሎ ዕድገት ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ መኖ መጠበቅ ይቻላል። ከዚህ እጅግ ከበለጠ ወይ መኖው ደካማ ነው፣ ወይ አሰጣጡ ልክ አይደለም፣ ወይ ዓሣው በሌላ መንገድ እየወጣ ነው። ቁጥሩ ከተጻፈ ሰውን ከመጠርጠር ያድናል።

ሰንበትና በዓላትን በተመለከተ ካህናት የሚያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው። ያደገ ዓሣ በሳምንት አንድ ቀን ባይመገብ አይጎዳም፤ ስለዚህ በዕለተ እሑድ መኖው ሊቀር ይችላል። የማለዳው ቁጥጥር ግን አይቀርም፤ ትንፋሽ ያጠረው ዓሣ እስከ ሰኞ አይቆይምና። ጫጩትም ያለ ምግብ መዋል የለበትም። በሬውን በሰንበት ፈትቶ ውኃ ማጠጣት እንዳልተነቀፈ ሁሉ ይህም የርኅራኄ ሥራ መሆኑን ሰበካ ጉባኤው አስቀድሞ ይወስን፤ ተለዋጭ ሰውም ይመድብ።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ወጣት ማንበብ፣ መጻፍና መቶኛ ማስላት የሚችል፣ ማለዳ መነሣት የማይከብደው፣ ያየውንም መጥፎ ነገር ሳይደብቅ የሚናገር ቢሆን ይመረጣል። ወንድም ሆነች ሴት ለውጥ የለውም። ኩሬ ባለበት ቦታ ሥልጠና ማግኘት፣ ቢያንስ አንድ የእርባታ ወቅትም በሠለጠነ ሰው ሥር መሥራት ይኖርበታል። ደመወዙ «ዓሣው ሲሸጥ» የሚባል ከሆነ ሰውየው ሌላ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፤ ዓሣው ለሽያጭ እስኪደርስ ግን ወራት ይፈጃል። የእነዚያ ወራት ደመወዝና መኖ በባንክ ሳይቀመጥ ቁፋሮ ባይጀመር እንመክራለን።

አፈሩ አሸዋማና ልል ከሆነ ውኃ ስለማይዝ በሸክላ አፈር ወይም በወፍራም ፕላስቲክ መሸፈን እንዳለበት፣ ልጆች እንዳይሰጥሙ አጥር እንደሚያስፈልግ፣ የወባ ትንኝም እንዳትራባ የዳር ሣሩ መታጨድ እንዳለበት በዕቅዱ ይካተት። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ፦ በየማለዳው ውኃውን የሚያየው ማን ነው? እርሱ ሲታመም የሚተካውስ? ደመወዛቸው ከየትኛው ሒሳብ ይከፈላል? ለሦስቱም ስምና ቁጥር ከተጻፈ አካፋው ይነሣ። ካልተጻፈ ግን ገንዘቡን ለጊዜው ማቆየትና አንድ ወጣት ለሥልጠና መላክ ይበጃል፤ ኩሬው በኋላ ሊቆፈር ይችላል።