ሲሚንቶ የማይወድ ቤት

ሐረር ጁገል ውስጥ ያረጀ የድንጋይ ቤት ደርሶት ሊኖርበት የሚያድስ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚገዛው ሲሚንቶ ነው። ቤቱም ኪሱም የሚጎዱት እዚያ ላይ ነው።

የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ጌ ጋር፣ ግድግዳው ሐሺ በሚባል የአካባቢው ድንጋይ ተክቦ በጭቃ የተያያዘ ነው። እንዲህ ያለ ወፍራም ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ ክረምት ላይም ይርሳል። የሳበውን መልሶ የሚያወጣው በጭቃው ምርጊትና በኖራው በኩል፣ ቀስ እያለ ነው። ላዩ በሲሚንቶ ሲለሰን መውጫው ይዘጋል። ውሃው ውስጥ ይቀርና ድንጋዮቹን የያዘውን ጭቃ ያላላዋል፤ ክረምት በክረምት ላይ ሲደረብ ግድግዳው ወገቡ ላይ ይነፋል። ልስኑን በጣት አንጓ መታ መታ ሲያደርጉት እንደ ባዶ ቅል የሚጮህበት ቦታ ካለ ከድንጋዩ ተላቋል ማለት ነው። እሱ በመሮና በመዶሻ፣ በትዕግሥት ይነሳል። የተነፋው ክፍል ደግሞ ልምድ ባለው ግንበኛ ይፈታና ያው ድንጋይ ተመልሶ ይካባል፤ አዲስ ድንጋይ የሚገዛበት ምክንያት የለም።

ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ፣ እጅ ከማሳረፍ በፊት ፈቃድ መጠየቅ አይቀርም።

ገንዘብ ያጠረው ሰው ከጣሪያው ይጀምር። ድሮ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነበር፤ ተቀራርበው በተደረደሩ ወራጆች ላይ አፈር ይደለደላል። ዛሬ ብዙው ቆርቆሮ ለብሷል። ቆርቆሮ ቀላል ነው፣ ግን የሰበሰበውን ዝናብ ሁሉ ግድግዳው ሥር ይደፋዋል። አሸንዳ ሳይገጥም፣ የውሃውንም መሄጃ ሳያበጅ ቀለም የቀባ ሰው ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ይቀባል።

ምርጊቱ ርካሽ ነው፤ አፈር፣ ጭድ፣ ውሃና ጉልበት። ማቡካቱን ቤተሰብ ይችለዋል፤ ለግንበኛው የሚከፈለው ብር የሚተርፈውም ከዚህ ነው። ጭቃው ቦክቶ ከሰነበተ በኋላ መዳፍ የሚያህል ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ከተሰነጣጠቀ አፈሩ ሸክላ በዝቶበታልና አሸዋና ጭድ ይጨመርበታል፤ በጣት ሲነኩት ከረገፈ አሸዋው በዝቷል። ግድግዳው ከተመረገ በኋላ ኖራ ይቀባል፤ በውሃ ሲያበርዱት ይፈላልና ዓይንና እጅ ይጠበቅ።

ውስጡን ግን ባይነኩት እመርጣለሁ። ዋናው ክፍል፣ ጊዲር ጋር፣ ነደባ በሚባሉ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ዕቃ ማስቀመጫው አብሮ ተፈልፍሏል። ምንጣፍና ትራስ ብቻ ነው የሚጎድለው። ነደባውን አስፈርሶ ሶፋ የሚያስገባ አለ፤ ለአፍራሹ ይከፍላል፣ ለሶፋውም ይከፍላል፣ የሚያስቀምጠው እንግዳ ግን ከድሮው ያንሳል።

ሲሚንቶ ጭራሽ አይግባ ማለቴ አይደለም። ሽንት ቤትና መታጠቢያ ያለ እሱ አይሆኑም። የጌ ጋር አገልግሎት መስጫ ክፍሎች ድሮም ግቢው ውስጥ ናቸውና፣ ሽንት ቤቱንና መታጠቢያውንም እዚያው ከአሮጌው ግድግዳ አርቆ በብሎኬት መሥራት ይቻላል። ቧንቧ ሲፈነዳ የሚርሰው ብሎኬቱ ብቻ ይሆናል።